ሳይጠይቁኝ

ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ለተከበሩ ጋሼ ገብረሕይወት፤ ቦን፣ ጀርመን

እርስዎም ልጅዎ ሳሮንም እንዴት ከረማችሁ? ብርዱ አልጠናባችሁም? ትምህርቷስ እንዴት ይዟታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ግን በጣም ተናድጄ ነውና ከአፌ ያመለጠ ነገር ካለ እንደ አባት ይለፉኝ።

ባለፈው ሊያገባኝ ስለሚፈልገው ስለ ፍስሐ ነግሬዎት ነበር፤ ታኮማ ወደብ የሚሠራው፣ ኬንት ከእናቱ ጋር የሚኖረው። አባቴ ስለሌለ ለእናቱ ለእትዬ አፀደ የፈቃድ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ዘመድ፣ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት። ጽፈውት ከሆነ እባክዎ ገና አይላኩት። መጀመሪያ የሆነውን ይስሙኝ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። እዚህ በመጣሁ በስድስተኛው ወር፣ አረጋውያን የምጦርበት ሥራ ቦታዬ ላይ ወደቅሁ። አሁን ክኒን እወስዳለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከወደቅሁ አሥራ አራት ወር አልፎኛል። ፍስሐ ያውቃል። ከአገራችን ሰው ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ሬኒየር ቫሊ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ቢሮ አንድ ኮምፒውተር አለው። ኢንተርኔት ከገባለት ወዲህ ሰው ሁሉ ተራ እየያዘ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይጠቀማል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ስለ በሽታ ሁሉ የሚጽፍ አንድ ዌብሳይት አነብ ነበር። ጥያቄ ለመጠየቅ ስምሽን ሙዪ አለኝ፣ ሞላሁ። መጽሔት በነፃ እንዲላክልሽ አድራሻ ስጪ አለኝ፤ የተከራየሁበት ቤት የፖስታ ሣጥን ስለሌለው የማኅበሩን ሰጠሁ። «ክኒኑን እየወሰድኩ መውለድ እችላለሁ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁና ዘግቼ ተነሣሁ። በእጄ ነው የዘጋሁት ጋሼ!

ሰኞ ዕለት የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አዳነች ስለ ደም ግፊታቸው ሊያነቡ እዚያው ዌብሳይት ላይ ይገባሉ። ገና ሲከፍቱት በትልልቁ ምን ብሎ ቢጠብቃቸው ጥሩ ነው? «እንኳን ደህና ተመለስሽ፣ አዲስአለም! ስለሚጥል በሽታ ለጠየቅሽው ሦስት መልስ መጥቶልሻል።» ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አይገባቸውም ብዬ እንዳልጽናና፣ የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ላይ ወሬው ኬንት ደረሰ። ሐሙስ እትዬ አፀደ ፍስሐን ቁጭ አድርገው ጠየቁት።

ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልልን ወንድምአገኝ የሚባል ተማሪ አለ። ሄጄ ጮኽኩበት።

«ኩኪ ነው» አለኝ።

«የምን ብስኩት?»

«ስሙ ነው እንጂ አይበላም። ሶ፣ ዌብሳይቱ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ትንሽዬ ፋይል ያስቀምጣል። ስትመለሺ እንዲያውቅሽ።»

«የተመለስኩት እኔ መሆኔን በምን አወቀ?»

«አያውቅም። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ለእሱ አንቺ ነሽ።»

«ማን ፈቀደለት?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ኖባዲ። እንዲሁ ነው የሚሠራው።»

ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሕግ ሲተረጉሙ የኖሩ ሰው ነዎት። ለዚህ ነገር ሕግ የለውም?

አክባሪዎ፣ አዲስአለም ኃይለ መስቀል


ቦን፣ ማርች 3 ቀን 1998

ለልጄ ለአዲስአለም

ጤናና ዕድሜ ከማያልቅበት ጌታ ይታዘዝልሽ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተቆጣሁ።

በመጀመሪያ የተቆጣሁት አንቺን ነው። ስም ሙዪ ስላለሽ ትሞያለሽ? ገበያ መሐል አንድ የማታውቂው ሰው «የውስጥ ሕመምሽን ንገሪኝ፣ አድራሻሽንም ጨምሪበት» ቢልሽ ትነግሪው ነበር? መልክ የሌለው ሲሆን እንዴት ታመንሽው?

ቀጥሎ የተቆጣሁት አሜሪካንን ነው። ጀርመን አገር የሰው መረጃ የሚጠበቅበት ሕግ ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው። የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1995 አንድ መመሪያ አውጥቷል፤ አባል አገሮች ሁሉ ዘንድሮ ኦክቶበር 24 ቀን በየሕጋቸው እንዲያስገቡት ታዟል። አንቀጽ ስምንትን ተመልከቺ። የሰው ጤንነት፣ እምነትና የፖለቲካ አቋም በጥብቅ ከሚጠበቁት ውስጥ ነው። ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ባለቤቱ በግልጽ ሳይፈቅድ መያዝ ክልክል ነው። በዝምታ የሚገኝ ፈቃድ የለም፤ መጠየቅ አለበት። የዌብሳይቱን አድራሻ ላኪልኝ፤ አንቀጹን ጠቅሼ ለባለቤቶቹ አቤቱታ እጽፋለሁ።

እስከዚያው ይህን አድርጊ። ለወይዘሮ አዳነች «ሌላ አዲስአለም ናት» በያቸው፤ ይህ ስም ያላት አንቺ ብቻ አይደለሽም። ለእትዬ አፀደ ደግሞ እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ። በኃይለ መስቀል ቤት፣ በዘር ማንዘራችንም እንዲህ ያለ በሽታ ኖሮ እንደማያውቅ እመሰክርላቸዋለሁ። ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ሳሮን ሰላም ብላሻለች። በደብዳቤሽ ውስጥ የእንግሊዝኛው ቃል በዝቷል፤ ተጠንቀቂ።

አጎትሽ፣ ገብረሕይወት


ሲያትል፣ ማርች 17 ቀን 1998

ለጋሼ ገብረሕይወት

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። የዌብሳይቱን አድራሻ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌልዎታለሁ። ምክርዎን ተቀብዬ እንኳን ብዋሽ የሚያምነኝ አላገኘሁም።

ባለፈው እሑድ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። እስክሪብቶዬ ወደቀና ጎንበስ ብዬ ላነሣ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ቀና ስል ወይዘሮ አዳነች ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ይዘዋል! ክብሪቱን ለካ ለእኔ ብለው በቦርሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። «እስክሪብቶ እያነሣሁ ነው» ብላቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ስልሳ ሰው ያየኛል። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲቀዳ የእኔ በወረቀት ኩባያ ሆኗል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። ክፉ ቢሆኑ ተሳድቤ እወጣ ነበር።

ወንድምአገኝ ፋይሉን አጥፍቶልኛል። ከሰው ራስ የሚያጠፋ ፕሮግራም ግን የለውም።

ጋሼ፣ አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ለእትዬ አፀደ «በዘራችን የለም» ብለው ሊጽፉ ነው። ሐኪሜም ይህንኑ ጠይቃኝ «አላውቅም» ብያታለሁ። ነገር ግን አንድ የማስታውሰው አለ። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ደብረ ዘይት፣ ከቤታችን ጓሮ አባዬ መሬት ላይ ተጋድሟል። እማዬ ቀበቶውን ትፈታለች፤ ሻሿን አጣጥፋ ከራሱ ሥር አድርጋለች። ጫማ ያለው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። «አባትሽ ተኝቷል፣ ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። ያን ቀን የተናገረችበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባዬ የሞተው በሳንባ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እማዬም አሁን የለችም። እርስዎ ግን አብረውት አድገዋል። አባቴ ይወድቅ ነበር?

ይህን ሳይመልሱልኝ ለእትዬ አፀደ አይጻፉ።

አዲስአለም


ቦን፣ ጁን 5 ቀን 1998

ለልጄ ለአዲስአለም

ምሕረቱ ከአንቺ ጋር ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሳሮን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው ወር ለዌብሳይቱ ባለቤቶች የጻፍኩትን አቤቱታ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አራት ገጽ ነው። መረጃሽን ያለ ፈቃድሽ መያዛቸውን፣ ለማይመለከተው ሰው መግለጣቸውን፣ እንዲያጠፉትና ማጥፋታቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ በየአንቀጹ አስቀምጫለሁ። መመሪያው አሜሪካን አገር እንደማይገዛ አላጣሁትም። ቢሆንም የሠለጠነ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ይወቁት።

ስለ ሌላው ነገር በሰፊው እንጫወታለን። ለእትዬ አፀደ እስካሁን አልጻፍኩም።

ራስሽን ጠብቂ። ክኒኑን እንዳታቋርጪ።

ገብረሕይወት


ሲያትል፣ ጁን 21 ቀን 1998

ለጋሼ ገብረሕይወት

ሳሮንን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልን። ምን እንዳመማት አልጻፉልኝም።

ሦስት ወር ሙሉ የፖስታ ሣጥን ስከፍት ኖሬ አራት ገጽ አንቀጽ ላኩልኝ። አንድ መስመር ነበር የጠየቅሁዎት።

የአቤቱታዎ ፍሬ የሚከተለው ነው። ኩባንያው መለሰልኝ። «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላል፤ የሰው እጅ የነካው አይመስልም። በሳምንቱ ስምንት መጽሔት በማኅበሩ አድራሻ መጣ። ሽፋኑ ላይ የበሽታው ስም፣ ከሥሩ የእኔ ስም። ደግሞ የክኒን ማስታወቂያ፣ ደግሞ ለወደቀ ሰው የሚሆን የራስ ቆብ ማስታወቂያ! ስሜን ለስንት ሰው እንደሰጡት እግዜር ይወቀው። ወይዘሮ አዳነች ሁሉንም በክር አስረው አስቀመጡልኝ። «ልጄ፣ እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

የዚያን ቀን በቃኝ። እሽጉን ይዤ ከአንዱ አውቶቡስ ወደ ሌላው እየተሳፈርኩ ኬንት እትዬ አፀደ ቤት ሄድኩ። ፍስሐ ሥራ ላይ ነበር፤ አልነገርኩትም። ክኒኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና «የሰሙት እውነት ነው። ይኸው የምውጠው» አልኳቸው።

ብልቃጡን አነሡና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«መኪና የማትነጂው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ልጄ ሾፌር እንዲሆንልሽ የፈለግሽ፣ ኩራት መስሎኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ሳማሽ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ያናደደኝ በሽታው አይደለም። ከአንቺ አፍ ሳልሰማው ከአዳነች አፍ መስማቴ ነው። አዳነች የምታውቀውን እኔ አላውቅም?»

«ልነግርዎ ነበር፤ ቀደሙኝ» አልኩ። ይህን ስል እውነት መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ» አሉ። «ፍስሐ እንደ ሆነ እኔ እንቢ ብልም ያገባሻል። ግን ለልጅ ልጆቼ ማወቅ አለብኝ። በቤታችሁ ይህ ነገር አለ?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ጀርመን ነው።»

«እሱ ይናገር። ደብዳቤው እስኪመጣ ስለ ሰርግ አናወራም። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ቢዋሸኝ ይገባኛል።»

ጋሼ፣ በእርስዎ አገር የሰው ጤና ጉዳይ ያለ ፈቃዱ አይያዝም ብለውኛል። የእኔን ጉዳይ ሃያ አምስት ዓመት ይዘው የተቀመጡት በየትኛው አንቀጽ ነው? ስድ ሆንኩ፤ አውቃለሁ። አባቴ ይወድቅ ነበር ወይስ አይወድቅም ነበር?

አዲስአለም


ቦን፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998

ልጄ አዲስአለም

ሰላምታ የማስቀድምበት ፊት የለኝም።

አዎ። ኃይለ መስቀል ይወድቅ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ነው። የምናውቀው እናቱ፣ እናትሽና እኔ ብቻ ነበርን። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ተደራራቢ አልጋ ነበረን፤ እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች። ሲጥለው በጎኑ የማስተኛውም እኔ ነበርኩ።

የሞተው በሳንባ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር፣ ልጠይቃችሁ ደብረ ዘይት መጥቼ ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነበርና ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ወረድን። እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። ሲጋራ አልቆብኝ ነበር። «ከዚህ እንዳትነሣ» ብዬው ሄድኩ። ሱቁ ቅርብ ነበር፤ ባለ ሱቁ ግን ወሬኛ ነበርና ቆምኩ። ስመለስ ጫማዎቹ ብቻ ዳር ላይ ነበሩ። ዘልዬ ገባሁ፤ ውኃው እዚያ ጋ ከደረቴ አያልፍም ነበር። ከደረቴ በማያልፍ ውኃ ነው የሞተው።

ለሰው «ሊዋኝ ገብቶ ውኃው አሸነፈው» አልኩ፤ ለአንቺ «ሳንባ» ተባለ። እናትሽ ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ «ሴት ልጅ አለችኝ፤ ይህ ከተሰማ ማን ያገባታል?» አለችኝ። ማልኩላት። በዓመቱ ጀርመን መጣሁ። ለእሷ ስል ዝም አልኩ ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። እውነቱ ግን፣ መውደቁ ከተነገረ «ታዲያ ለምን ብቻውን ተውከው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የፈራሁት እሱን ነው።

ሌላም አለ። በኤፕሪል ሳሮን ወደቀች፤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ደብዳቤሽ እጄ ላይ እያለ ነው። ሆስፒታል ቅጽ ሰጡኝ። «በቤተሰብ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ?» ይላል። ያንቺን ደብዳቤ በኪሴ ይዤ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ለማን ብዬ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጄ ከአልጋዋ ሆና «አባባ፣ ይህ ነገር ከየት መጣብኝ?» ስትለኝ ስለ እንቅልፍ ማነስ አወራሁላት። አምስት ወር እንዲህ ኖርኩ። ጭንቅላቴን ግድግዳ ላይ ማጋጨት ነው ያማረኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ አፀደ አንብቢላቸው፤ ወይም አታንብቢላቸው። ጉዳዩ የአባትሽና የአንቺ ነውና ፈቃዱም ያንቺ ነው።

እኔም አንድ ፈቃድ እለምንሻለሁ። ለሳሮን ስለ አባትሽ ልነግራት ነው። ስለ አንቺ ግን ሳልጠይቅሽ አልነግርም። እንዳመመሽ ብነግራት ትፈቅጃለሽ?

ገብረሕይወት


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ጋሼ

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ አረጋውያኑ ምሳ ሲበሉ አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ አልሠራሁም። ተቆጥቻለሁ፤ ልደብቅዎ አልችልም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አባቴን ገና አሁን ነው የቀበርኩት። አንድ ነገር ግን ስለ እሱ አገኘሁ። ሲጥለው ያስተኛው የነበረ ሰው ነበረው። ይህን ስላወቅሁ አልቅሼም ቀለለኝ።

ውኃው ዳር የሆነውን እኔ አልፈርድብዎም። እኔ ራሴ ስንቴ ብቻዬን ገላዬን ታጥቤአለሁ፤ ሐኪሟ እያስጠነቀቀችኝ።

ኬንት ሄጄ ለእትዬ አፀደ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ፍስሐም አብሮ ሰማ። ሲጋራው ጋ ስደርስ እትዬ አፀደ «አይ ሰው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ስጨርስ ፍስሐን «ሐኪሟ ዘንድ አብረሃት ሄደህ ታውቃለህ?» አሉት። «አላውቅም» አለ። «ምን ዓይነት ባል ልትሆን ነው ታዲያ?» ብለው ተቆጡት። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሦስታችን አብረን ሄድን፤ ስለ መውለድም እሳቸው ናቸው የጠየቁልኝ። ሐኪሟ ክኒኑን አስቀድማ እንደምትለውጥልኝ፣ በክትትል እንደሚቻልም ነገረችን። ሰርጉ ኖቬምበር 8 ቀን ይሁን ብለዋል፤ ከነቢያት ጾም በፊት።

ስለ ሳሮን ጠይቀውኛል። እፈቅዳለሁ። ስሜንም፣ ስልኬንም፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁም ይንገሯት። መጀመሪያ ግን ሆስፒታል ይሂዱና ያን ቅጽ ያስተካክሉ። ነገ ሳይሉ ይሂዱ።

አዲስአለም


ቦን፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1998

ለልጄ ለአዲስአለም፤ በቅርቡም ለሙሽራዋ

ቤትሽን የሰላም ቤት ያድርግልሽ። የፈቃድ ደብዳቤው ለእትዬ አፀደ በአደራ ፖስታ ተልኳል። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አንቀጽም አልጠቀስኩበትም።

የአውሮፓው መመሪያ ቀነ ገደብ ትናንት ነበር። ጀርመን ራሷ ሕጓን አሻሽላ አላደረሰችም። በማርች እንዴት እንደፎከርኩብሽ አስታውሼ አፈርኩ። የዚያ የራስ ቆብ ማስታወቂያ እኔም ዘንድ መምጣት ጀምሯል፤ አቤቱታው ላይ አድራሻዬን ጽፌ አልነበር!

ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሙ «ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?» አለኝ። ቅጹን ተቀብዬ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የሳሮንን መድኃኒት አልቀየረም፤ አንዳንድ ምርመራ ግን ጨምሯል።

ለሳሮን እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ነገርኳት። ስለ ሐይቁ ጭምር። አልጮኸችም። «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ። «ከመወለድሽ በፊት» አልኳት። ተነሥታ ወጣች፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እኔም አልለመንኳትም፤ የሚገባኝ ነው። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ኮቷን እንደለበሰች ቆማ አገኘኋት።

«ያቺ ሲያትል ያለችው፣ አማርኛዬ ቢሰበር ትስቅብኛለች?»

«አታውቂያትም፤ ቁጡ ናት እንጂ ሳቂተኛስ አይደለችም» አልኳት።

ስልኩን ገመዱ እስከሚደርስ ጎትታ ወደ ክፍሏ አስገባችና በሩን ገፋችው። መጀመሪያ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። በኋላ ሳቀች። ከኤፕሪል ወዲህ ስትስቅ ያን ዕለት መስማቴ ነው። እግሬ ወደ በሩ ሄደ፤ ሄዶም ቆመ። ተመለስኩና ወጥ ቤት የቧንቧውን ውኃ ከፍቼ የታጠቡ ሳህኖችን እንደገና ማጠብ ያዝኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ አወራችሁ። ምን እንደተባባላችሁ አልጠየቅኋትም፤ አንቺንም አልጠይቅም።

አጎትሽ፣ ገብረሕይወት